አቤት የማይባልበት ፈረቃ

ጋሼ ይርዳው «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ፎገራ ሜዳ ላይ ከወንዝ ማዶ ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ወይ ሞቷል ወይ አኩርፏል፤ ሦስተኛ ምክንያት አይታወቅለትም። ወታደር ቤት ገብተው የሬዲዮ ሠራተኛ ሲሆኑም ይኸው አመል አብሯቸው ገባ። አንድ ሰው በሞርስ ከጠራቸው፣ የጠሪው የመጨረሻ ነጥብ ሳያርፍ ጣታቸው መምቻው ላይ ነው። ጡረታ ወጥተው ወረታ ከከተሙ በኋላ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጡ፤ ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ ላይ ሽቦ ዘረጉ፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ማዶ ካሉ መሰሎቻቸው ጋር በነጥብና በጭረት ሲጨዋወቱ ነው የሚውሉት። ጎረቤት ሲያልፍ የሚሰማው ያንን ቲጥ ቲጥ ብቻ ነው። «ጋሼ ይርዳው ዛሬም ሽንብራቸውን እየለቀሙ ነው» ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ይኸው አቤት ባይነት ነው በዚያ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ አንድያ ልጃቸውን ሊያስበላቸው የነበረው።

ጉና ተራራ ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጠዋት ርብን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላው፤ ረፋድ ላይ ወንዙ ገደፉንም ንቆ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። የሩዙ ማሳ፣ ግጦሹ፣ የእግር መንገዱ ሁሉ አንድ ውሃ ሆነ። ስልክ ከትናንት ጀምሮ የለም፤ መብራትም የለም፤ የጋሼ ይርዳው ሬዲዮ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። የጋሼ ይርዳው ልጅ ታይቱ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ማለዳ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ልያት ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጥታ፣ ጎርፉ መሃል ላይ ያዛት። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። መኖሯን የሚያውቅም የለም።

የተገኘው ሞተር ጀልባ አንድ ብቻ ነው። ከጣና ያመጣው ዓሣ አጥማጁ ኃይለ ሚካኤል ነው፤ ከጋሼ ይርዳው አጥር ግርጌ፣ ትናንት የጎመን መደብ ከነበረው ቦታ፣ ከዋንዛው ግንድ ላይ አስሮታል። ቤንዚኑ ለአንድ ደርሶ መልስ ነው የሚበቃው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ መመለስ ደግሞ ግድ ነው፤ ከጨለመ ውሃው ስር ያለውን አጥርና ግንድ ማን ያየዋል? ሞተሩ አንዴ ከተሰበረ አለቀ ደቀቀ።

ስለዚህ መሄድ የሚቻለው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቦታዎቹ ግን ሦስት ናቸው፤ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጉብታ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በርብ በኩል ደግሞ የሩዝ ወፍጮ ቤቱ። አንዱ ከሌላው ፊቱን ያዞረ ነው።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሸሸው ወደ ሚካኤል ነው» አለ ኃይለ ሚካኤል በራፉ ላይ ቆሞ፣ ውሃ ከሱሪው እየተንጠባጠበ። «እሷም ከሰው አትለይም። ልሂድ?»

«ቆይ።»

«እኔስ ልቆይ፤ ፀሐይዋን ቆዪልኝ ይሏታል?»

ጋሼ ይርዳው ዓይናቸው ሬዲዮው ላይ ነው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው መምቻውን ይደበድቡት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ታይቱ፣ ታይቱ፣ ታይቱ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በጣና በኩል ብቅ ብትልም ጉና ላይ መብረቁ አልቆመም፤ ማዳመጫው ውስጥ ባቄላ እንደሚቆላ ነገር ይንጣጣል። ከዚያ መሃል የሰው ምልክት የለም። እሳቸውም ደግመው ይጠራሉ። መልስ ሲያጡ ይበልጥ እየፈጠኑ ይጠራሉ።

በዚህ መሃል ሰብሪና ላፕቶፗን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ እየሮጠች ገባች። የባለ ሱቁ የአብዱረህማን ልጅ ናት፤ የታይቱ ጓደኛ፣ ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የመጣች።

«ጋሼ፣ ያቁሙ! ፈረቃው የኛ ነው!»

«የምን ፈረቃ!» ብለው ጮኹባት። «ልጄ ውሃ ውስጥ ናት አንቺ የፈረቃ ታወሪኛለሽ?»

«ለዚያ እኮ ነው የምልዎት!»

የፈረቃው ነገር እንዲህ ነው። ታይቱ ሞርስን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ ልጅ ሳለች በማንኪያ ጠረጴዛ እየመቱ ነው ያስተማሯት። አድጋ ግን ከሰብሪና ጋር ሌላ ነገር አመጣች። ሁለቱ ተማክረው ከሳሙና ማስቀመጫ የማይበልጥ፣ በእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማሰራጫ ሠሩ፤ የርብን ውሃ ከፍታ ከየመንደሩ እንዲያሳውቅ። ጉልበት የሚባል የለውም። ጉልበት ስለሌለውም በዝግታ ነው የሚናገረው፤ ጋሼ ይርዳው አንድ ደብዳቤ በሚመቱበት ጊዜ እሱ አንድ ፊደል ቢጨርስ ነው። በጆሮ አይሰማም። ኮምፒዩተሩ ነው ቀስ እያለ ስክሪን ላይ በመስመር የሚስለው።

«ይሄ ሬዲዮ ነው ቀንድ አውጣ?» አሉ ጋሼ ይርዳው መጀመሪያ ቀን።

«አባዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች ታይቱ።

«እስኪሄድ ድረስ ድመት ይበላዋል!»

በተረት ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ጠባብ ሞገድ ላይ ነው፤ የአባት ሞርስ ሲነሳ የልጆቹ ምልክት ድራሹ ይጠፋል። ልጆቹ «ትንሽ ቦታ ይልቀቁልን» ሲሉ፣ እሳቸው «እኔ የቆየሁበትን ሜዳ ለቀንድ አውጣ አልለቅም» ሲሉ፣ ነገሩ ወደ ኩርፊያ ዞረ። በመጨረሻ የሰብሪና አባት አብዱረህማን ሽማግሌ ሆነው ገቡና ፈረዱ። «በጋ የሽንኩርቱን ውሃ ከርብ በፈረቃ ትቀዱ የለም እንዴ? ይህንንም እንደዚያው አድርጉት» አሉ። ከጠዋት እስከ ቀትር የጋሼ ይርዳው ሞርስ፣ ከቀትር በኋላ የልጆቹ ዝግተኛ ምልክት። ጋሼ ይርዳው እሺ ብለው ማሉ። ማሉ እንጂ አልተዋጠላቸውም፤ ከልጃቸውም ጋር ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

«ታይቱ የሳሙና ማስቀመጫዋን ከቦርሳዋ ለይታ አታውቅም» አለች ሰብሪና፣ ሽቦ ከሬዲዮው ጀርባ እየሰካች። «በሕይወት ካለች ትጠራለች። ፈረቃው የኛ መሆኑን ታውቃለች፤ እርስዎ እንደማሉም ታውቃለች። ስለዚህ የምትጠራው አሁን ነው። እርስዎ ደግሞ ላይዋ ላይ እየጮኹባት ነው!»

ጋሼ ይርዳው ጣታቸውን ከመምቻው አነሱ።

«በዚህ መብረቅ ውስጥ የዚያችን ቀፎ ድምፅ ኮምፒዩተርሽ እንዴት ይሰማዋል? የኔ ጆሮ ያልሰማውን?»

«አዛኑ በማክሰኞ ገበያ ጫጫታ ላይ ለምን የሚሰማ ይመስልዎታል? ስለሚጎተት ነው። ቶሎ ያለፈውን ጫጫታው ይውጠዋል፤ የጎተተውን አይችለውም። ይቀመጡና ይዩ።»

ተቀመጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ መብረቅ በበረቀ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ይንቦገቦጋል። ምንም የለም። ኃይለ ሚካኤልም ከበራፉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ምንም የለም። ከዚያ መሃል ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ጀመረች፤ ክር ታክላለች። አልተቋረጠችም፤ ወደ ቀኝ ተጓዘች፣ ተጓዘች፣ ቆመች።

«እሷ ናት!» አለች ሰብሪና። «ግን ኮምፒዩተሩ ወደ ፊደል አይቀይርልኝም። በማሽን ሳይሆን በእጇ እየነካካች ነው የምትልከው፤ ልኩ ይዛነፍበታል። እኔ ደግሞ ሞርስ አላነብም።»

ጋሼ ይርዳው ግን ያነባሉ። እስከ ዛሬ የልጆቹን ስክሪን ዞር ብለው አይተውት አያውቁም ነበር፤ አሁን ሲያዩት አንድ ረጅም ጭረት ተጋድሞ አገኙት። አንድ ጭረት። በነሱ ቤት ሕግ የታይቱ ምልክት። የገዛ ሞርሳቸው ነው እኮ! ቀንድ አውጣ ያሉት ሁሉ፣ ያኔ በማንኪያ ያስተማሩት ነው፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ።

«ልጄ!» አሉ፤ እጃቸውም ከሳቸው ቀደመች። መምቻውን ያዘች፤ አቤት፣ አቤት፣ ታይቱ፣ አቤት።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

«ኧረ ጋሼ! ምን አደረጉ?»

«ጠራችኝ፤ አቤት አልኳት! ምን ላድርግ?»

«አልሰማችዎትም እኮ! ያቺ ቀፎ ያላት አንድ ቁልፍ ነው፤ ወይ ትልካለች ወይ ትሰማለች። መልእክቱን ጨርሳ ቁልፉን ካላዞረች ደንቆሮ ናት። እርስዎ ሲመቱ ደግሞ እኛ እንታወራለን፤ እሷ ያለችውንም አናይ። ሁለታችንንም አጠፉን!»

ስክሪኑ እስኪጠራ ጊዜ ወሰደ። ሲጠራ ባዶ ነበር። ታይቱ መጀመሪያ የጠራችው አለፈ፤ ጨርሳ ቁልፉን አዙራ የሰማችበት ያቺ አጭር ፋታም እነሱ ሲጨቃጨቁ አለፈች። ኃይለ ሚካኤል ከንፈሩን ነከሰ። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ብዙም አልራቀችም።

እንደገና ክሩ ጀመረ። አንድ ጭረት፤ ታይቱ። ፋታ። ጋሼ ይርዳው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ጭረት። ሌላ ጭረት። ኧረ እንዴት ይዘገያል! አንዱ ጭረት እስኪያልቅ አባወራ በሬውን ፈትቶ ውሃ ያጠጣል። ፋታ። ደግሞ አንድ ጭረት ብቻውን። ልጆቹ የሚጽፉት በላቲን ፊደል፣ አናባቢውን እየዘለሉ ነው፤ ጋሼ ይርዳው ግን የልጃቸውን አጻጻፍ ለማወቅ አልተቸገሩም።

«ም… ጥ…» አሉ። «ምጥ!»

«ሸዋነሽ ናት በሉኛ!» አለ ኃይለ ሚካኤል፤ አሁን ጭራሽ ቤት ውስጥ ገብቷል። «ቀኗ የደረሰው እሷ ናት። ያላንድ ሰው፣ ከውሃ መሃል ምጥ? ኧረ ማርያም ትድረስላት!»

ጋሼ ይርዳው መልእክቱ በምን ተራ እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ማን፣ ምን፣ የት። ማን መጣ። ምን መጣ። ቀጥሎ የት ነው። ልጃቸው በጎርፍ ተከባ፣ ምጥ የያዛት ሴት ታቅፋ፣ ጣቷን በሰዓት እየለካች እንደምትመታ ሲያስቡ ወንበራቸውን ወደ መምቻው ሳቡ። አይዞሽ ያላላት ሰው የለም። ከጠዋት ጀምሮ ማንም አይዞሽ አላላትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲናገሩት እስከ ዛሬ ያፍራሉ። ጣታቸው ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ መታ፤ «አይዞሽ» ብሎ ሊጽፍ። ሰብሪና እጃቸው ላይ ወደቀችበት፤ ግን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ነበር። ነጩ እስኪያልፍ ክሩም አልቋል። የት የምትለዋ ቃል ስሩ ተቀብራ ቀረች። መልእክቱ መቼ እንዳለቀም ስላላዩ፣ ያቺ ታይቱ የምትሰማባት ፋታም የቷ እንደሆነች ሳያውቁ አመለጠቻቸው።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ ጋሼ ይርዳው በሹክሹክታ። «እኔ ግን የምለቅመውም የለኝ።»

«ደግማ ትጠራለች» አለች ሰብሪና፤ ማባበሏ ነው። «ደግማ ደግማ ትጠራለች፣ ባትሪው እስኪያልቅ።»

ጋሼ ይርዳው ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አትጠራም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀራት፤ እሱም ካየናቸው ሁለቱ በፊት ካልጠራች ነው።»

«ለምን?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሦስት ጊዜ ጥራ፤ አቤት የሚልህ ካጣህ የሚሰማህ የለምና ተነስ፣ ቦታ ቀይር። ወታደር ቤት እንደዚያ ነው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ነው ያስጠናኋት። ሦስተኛውን ጠርታ ዝም ካልናት ሸዋነሽን ደግፋ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ወደ ሚካኤል ልሻገር ትላለች። የምታምጥ ሴት ይዛ! ያን ውሃ!»

ጀልባው ከግንዱ ጋር ሲላተም ብቻ ይሰማል።

ነገሩ አሁን ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ቶሎ አቤት ቢሏት ቦታዋን ያጠፉታል፤ ጀልባው በዘፈቀደ ይሄዳል። ዘግይተው አቤት ቢሏት ተነስታለች፤ ጀልባው ቢደርስም አያገኛት። አቤት መባል ያለባት ልክ ጨርሳ ቁልፉን በምታዞርባት በዚያች ፋታ ነው፣ ከዚያ በፊትም አይደለም ከዚያ በኋላም አይደለም።

«ጋሼ፣ እኔ ወደ ሚካኤል ልሂድ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ቢያንስ ዕድሉ አለ።»

«አንድ ጥሪ ጠብቀኝ። በሚካኤል ይዤሃለሁ፤ በስምህ።»

ሰውየው በመስኮት ፀሐይዋን አየ። «የዚያች ባሕር ዛፍ ጫፍ እስክትነካ። ከዚያ አልቆምም።»

«ይሁን። አሁን ና፣ እጄን ያዝልኝ።»

«ምን?»

«እጄን ያዝልኝ አልኩህ! ይህችን እጅ አላምናትም። ልጄ ስትጠራኝ ዝም አትልም፤ አመሏ ነው።»

«መምቻውን ብነቅለውስ?» አለች ሰብሪና።

«ፋታዋ ስትመጣ ልትሰኪው ስትደናበሪ ብታመልጠንስ? አይነቀልም።»

ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ከጎናቸው ተንበርክኮ፣ መረብ ስቦ የሻከረ መዳፉን የጋሼ ይርዳው አንጓ ላይ ጨበጠ። ጥጃ እንደሚያዝ አጥብቆ ነው የያዛቸው። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

ቆየ። ቆየ። መብረቁ አንዴ በረቀ። ሰብሪና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች። ጋሼ ይርዳውም በልባቸው ያችው አንዲት ነገር ናት፤ አትነሺ፣ ልጄ አትነሺ።

ክሩ ጀመረ። ከቅድሙ ቀጥኗል፤ ባትሪው እየደከመ ነው። አንድ ጭረት። ታይቱ።

እጃቸው ጨበጣው ውስጥ ዘለለች። ኃይለ ሚካኤል ጫናት።

ጭረት፣ ጭረት። ደግሞ ጭረት። ምጥ። ያውቁታል፤ ይለፍ፤ ቶሎ ይለፍ። ግን የሚፈጥን ነገር አይደለም። ጋሼ ይርዳው በዕድሜያቸው ጦር ሜዳ ላይ ጥይት ሲያፏጭ መልእክት ተቀብለዋል፤ እንደዚህ ያለ ጭንቅ ግን አያውቁም። ያኔ እጃቸው ሥራ ነበራት።

ፋታ። ረጅም ፋታ። የቃል መለያያ። አሁን የት ነው።

አንዲት አጭር ነጥብ ብቅ አለች። ከዚያ ጭረት ጀመረ።

«ሚካኤል ነው?» አለ ኃይለ ሚካኤል።

«ዝም በል!»

ጭረቱ አለቀ። ሌላ ጭረት ተከተለው። አለቀ። ፋታ። ሲደመር ነጥብ፣ ጭረት፣ ጭረት።

«ወ…» አሉ ጋሼ ይርዳው። «ወ! ወፍጮ ቤት!»

«ወፍጮ ቤት?» ኃይለ ሚካኤል ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ያ በርብ በኩል ነው እኮ! ለሚካኤል ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምሄደው። ካልሆነ ልመለስ አልችልም። እርግጠኛ ነዎት?»

ፀሐይዋ የባሕር ዛፉን ጫፍ ነክታለች።

«አንድ ፊደል ጠብቀኝ» አሉ። ነጥብ። ነጥብ። ጭረት ይጎተታል፤ አቤቱ እንዴት ይጎተታል። ነጥብ። «ፍ። ወ፣ ፍ። ወፍጮ ነው። ሂድ! በል ሂድ ልጄ፣ እግዜር ይከተልህ!»

ኃይለ ሚካኤል አንጓቸውን ለቀቀና ወጣ። አጥሩን ዘለለ። ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ተነሳ፤ ድምፁ በሩዙ ማሳ ላይ ወደ ርብ እየራቀ ሄደ።

አሁን እጃቸው ነጻ ናት።

መልእክቱ ግን አላለቀም። የቃሉ መጨረሻ ፊደል ቀርታለች፤ እስክትጨርስ ታይቱ ደንቆሮ ናት። ጋሼ ይርዳው እጃቸው መምቻው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤ የሚይዛት የለም። ጭረት ጀመረ። ሰብሪና ወደ እጃቸው ዘወር ብላ አየች፤ አልነካቻቸውም። ጭረት፣ ነጥብ። ክሩ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ፤ ሁለቱም ልባቸው ቆመ። ተመለሰ። ጭረት። ላብ በጋሼ ይርዳው ግንባር ይወርዳል። ከልጅነት እስከ ሽበት «አቤት» ያልተባለ ጥሪ አልነበራቸውም፤ አሁን የገዛ ልጃቸው እየጠራቻቸው፣ እያዩዋት፣ ዝም። ነጥብ።

ክሩ ቆመ።

«አሁን!» አለች ሰብሪና።

እስኪነገራቸው አልጠበቁም። ያን ሁሉ ዘመን የሠራች እጅ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ዘነበች፤ አቤት ታይቱ፣ አባትሽ ነኝ፣ ሰምተናል፣ አትነሺ፣ ጀልባ ወደ ወፍጮ ቤት፣ አትነሺ። ያቺ ዝግተኛ ቀፎ ይህን ልበል ብትል ፋታዋ አይበቃትም፤ ፀሐይም ትጠልቅባት ነበር። ጋሼ ይርዳው ግን በዚያች ጠባብ ፋታ አጠናቀቁትና እጃቸውን መልሰው አነሱ።

ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ቀስ ብሎ ጠራ። ጥቁር ነው። ነጠብጣብ ብቻ።

«ሰምታ ይሆን?» አሉ።

ሰብሪና ስክሪኑን አየች። ምን ትበል? ቁልፉን አዙራ ሰምታ ከሆነ አለች። ፋታውን ሳትጠብቅ ተስፋ ቆርጣ ተነስታ ከሆነ፣ አሁን ውሃው ውስጥ ናት፤ ጀልባውም ባዶ ወፍጮ ቤት ይደርሳል። የሞተሩ ድምፅ ከእንግዲህ አይሰማም። ውጭ ያለው ብርሃን ቀልቷል።

«ልድገምላት» አሉ ጋሼ ይርዳው። «አንዴ ብቻ ልድገምላት። ባትሰማስ?»

«እየመለሰች ቢሆንስ?»

እጃቸውን አዩዋት። ከዚያ አንስተው ከጭናቸው ስር አስገቡና ተቀመጡባት፤ ሽማግሌ ሰው እንደ ተማሪ እጁ ላይ ተቀምጦ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አልጠረጉትም።

መጀመሪያ ያየችው ሰብሪና ናት። ጣቷን ወደ ስክሪኑ አነሳች። ከነጠብጣቡ መሃል አንዲት ነጥብ ተለይታለች። ቀጥሎ ጭረት፤ ቀጭን፣ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ግን ቀጥ ያለ።

«አ» አሉ ጋሼ ይርዳው።

ፋታ። ጭረት። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። በዝግታ፣ ሳትቸኩል።

«ቤ።»

የመጨረሻዋ አንድ ጭረት ብቻ ናት። ጀመረች፤ ተጓዘች። መልሱን እያወቁትም እስክትጨርስ ጠበቁ። ሕይወታቸውን ሙሉ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ አቤት ሲሉ የኖሩት ሰውዬ፣ ያቺ ክር ዳር እስክትደርስ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

«ት» አሉ። «አቤት አለችኝ። አልተነሳችም። እሰይ ልጄ! እሰይ!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሰብሪና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ክሩ አልቋል፤ ፋታው ተከፍቷል። ታይቱ ቁልፉን አዙራ፣ ጆሮዋን ሰጥታ እየጠበቀች ነው።

«ጋሼ፣ አሁን ይመልሱላት» አለች ሰብሪና። «ትሰማዎታለች።»

ጋሼ ይርዳው እጃቸውን ከጭናቸው ስር አላወጡም። በእንባቸው መሃል ስክሪኑን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ ተያት» አሉ። «ፈረቃው የሷ ነው። የቀራት ካለ ትናገር፤ እኔ ልስማት።»

ጥቂት ቆይቶ ክሩ እንደገና ጀመረ። ነጥብ፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። ውጭ ገና ብርሃን ቢኖርም ጨለማው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ የስክሪኑ ብርሃን ብቻ ፊታቸው ላይ ነው። አባት እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊደል በፊደል ጮክ ብለው ለሰብሪና አነበቡላት፤ ጀ፣ ል፣ ባ።